ልጅ በጠና ሲታመም ለቤተሰቡ የትኛው የሥነ ልቦና ድጋፍ ይሻላል?

የእህቴ ልጅ የደም ካንሰር እንዳለበት ሲነገረን ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ሰሞን የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ ነበር። በላ ወይ? ትኩሳቱ ወረደ ወይ? መርፌው አመመው ወይ? እህቴን ግን ዞር ብሎ ያያት የለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታነጋለች፣ ጠዋት ስንገባ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ እኛም አምነናት አጥሚቱን አስቀምጠን እንወጣለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉዱን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው። «አክስቴ፣ እማዬ ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ስለታመምኩ ነው አይደል?»

ለቤተሰብ የሚሆን የሥነ ልቦና ድጋፍ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስድ ስለሆነ አሁንም መንገድ ላይ ነን። በዚህ መሀል ብዙ በር አንኳኩተናል፣ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁም። ልጃችሁ ካንሰር ይሁን፣ የልብ ሕመም ይሁን፣ ስኳር ወይም ኩላሊት፣ ጎንደር ከተማ ለሚኖርም ከደንቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከወገራ ለሚመጣም ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

ልጁን ብቻ ወይስ እናቱንም?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጁን የሚያናግርልን ባለሙያ የት ይገኛል?» ብሎ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ግን አስቡት፤ ባለሙያው ልጁን ቢያገኘው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ልጁ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው። ዶክተሩ ገብቶ ሲወጣ ልጅ ዶክተሩን አይደለም የሚከታተለው። እናቱ ፊቷ ጠቆረ አልጠቆረ፣ እሱን ነው የሚያነበው።

ኮክሬን የሚባል የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ድርጅት አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ረጅም ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች በተሳተፉባቸው 44 ጥናቶች ውስጥ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ አይቷል። ጎልቶ የወጣው የችግር አፈታት ሥልጠና ነው። ሥልጠናውን የወሰዱ ወላጆች የአእምሮ ጤናቸው ተሻሽሏል፣ የታመመ ልጃቸውን የሚይዙበት መንገድም እንዲሁ። በልጆቹ የራሳቸው ጭንቀት ላይ ግን ይህን ያህል ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ይህን የምነግራችሁ ማንም ተአምር እንዳይሸጥላችሁ ነው።

ስለዚህ ጊዜያችሁም ገንዘባችሁም ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከአስታማሚዋ ጀምሩ። ይህ የማይሠራበት ቤትም አለ። ልጁ ትልቅ ከሆነ፣ በተለይ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ካቆመ፣ ወይም ምግብና መድኃኒት እምቢ ካለ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ወረፋ አትጠብቁ፤ እሱን ራሱን ባለሙያ ይየው።

በምክር አገልግሎት ውስጥ ያሉት ሦስት መንገዶች

የምክር አገልግሎት ሲባል ለሁላችንም አንድ ነገር ይመስለናል፤ ተቀምጦ ማውራት። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንደኛው አሁን ያልኩት የችግር አፈታት ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው ካንሰር እንዳለበት ገና ለተነገራቸው እናቶች የተዘጋጀ አንድ የታወቀ ሥልጠና አለ፣ ስምንት ጊዜ ነው፣ አንድ አንድ ሰዓት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ችግሩን ለይተሽ አውጪ፣ መፍትሔ የሚመስለውን ሁሉ ዘርዝሪ፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት መዝኚ፣ አንዱን ሞክሪ፣ ከዚያ ሠርቶ እንደሆነ ተመልከቺ። ሲነበብ ማን ያጣዋል ያስብላል። ግን ልጇ አልጋ ላይ የተኛ እናት ችግሯን መለየት አትችልም፤ ሁሉም አንድ ላይ ተቋጥሮ ደረቷ ላይ ነው የተቀመጠው። «ምን ይዋጠኝ?» ነው የምትለው። ከቆላ ድባ የምትመላለስ አንዲት እናት አውቃለሁ። ጤፉ አልታጨደም፣ ቤት ሁለት ልጆች ቀርተዋል፣ ባሏ ከእዳ ጋር ተያይዞ ፊቱን አጥቁሯል። ነርሷ አብራት ተቀምጣ ያን ሁሉ ትታ አንዱን ብቻ መዘዘች፤ ማክሰኞ ለቀጠሮ ስትመጪ ትንሿን ማን ይይዝልሻል? አማት፣ ጎረቤት፣ ወይስ ይዞ መምጣት? አማትየዋ ታመዋል። ይዞ መምጣት ትራንስፖርቱ አይቻልም። ጎረቤት ሆነ። ያ ማክሰኞ ሲሳካላት፣ ቀጥሎ ስለ እዳው ለማሰብ አቅም አገኘች። ሥራው በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። የሥነ ልቦና ዶክተር አያስፈልገውም፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተመሳሳይ ፕሮግራም አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ የሚሰጡትም የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ግን ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሐሳብን መመርመር የሚባለው ነው። ችግሩ የሚፈታ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ የሚሽከረከር ሲሆን ይኼኛው ይመረጣል። «ጡት ቶሎ ስላስጣልኩት ነው።» «ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ።» «የኔ ኃጢአት ነው ለልጄ የተረፈው።» ጎንደር ውስጥ ስንት እናት ይህን በሆዷ ይዛ ትዞራለች! በዚህ መንገድ ባለሙያው ሐሳቡን አውጥቶ ከእናትየዋ ጋር ይመረምረዋል፤ ማስረጃው ምንድነው፣ ሐኪሙ ምን አለ፣ ጓደኛሽ እንዲህ ብትልሽ ምን ትያት ነበር። ይህን ግን በደንብ የተማረ ሰው ነው የሚሠራው። በግማሽ ከተሠራ «አይዞሽ፣ አታስቢ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ላይ ማነጋገር ነው። በጥናት በኩል ማስረጃው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ሆኖም እኛ ቤት የተረሳችውን ልጅ ያሳየን እሱ ነው። የታማሚው ታላቅ እህት 11 ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ወርዶ ነበር፣ እኛም ሰነፈች ብለን ተቆጣናት። አንድ ላይ ተቀምጠን ስንነጋገር ነው «በሽታው ይተላለፍብኛል ብዬ ፈርቼ አብሬው አልተኛም፣ እሱ ደግሞ የጠላሁት መሰለው» ያለችው። ካንሰር አይተላለፍም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለስድስት ወር ማንም አልነገራትም። አባቷም ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታችን ያለቀሰው። ቤታችሁ ሌሎች ልጆች ካሉ፣ ወይም ባልና ሚስት መነጋገር ካቆማችሁ፣ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

ሆስፒታል፣ የንስሐ አባት፣ ሌሎች አስታማሚዎች

አሁን ወደ ቦታው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ሆስፒታሉ ዛሬ የሕፃናት ሕክምናም የአእምሮ ሕክምናም አለው። ልጃችሁ ተኝቶ እየታከመ ከሆነ ራሳችሁ ሌላ ካርድ ለማውጣት ከመሯሯጣችሁ በፊት የዋርዱን ነርስ ወይም ሐኪሙን «የሚያናግረን ሰው ጥሩልን» በሏቸው። ሲጠይቋችሁ «ትንሽ ጨንቆኛል» አትበሉ። ማን የማይጨንቀው አለና ያልፏችኋል። ቁጥር ንገሩ፤ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ አልተኛሁም»፣ «እህል አልወርድልሽ ብሎኛል»፣ «መድኃኒቱን ትቼ ይዤው ልሂድ እያልኩ ነው»። የመጨረሻዋ በተለይ መደበቅ የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፣ በድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ያዘነች እናት ብቻዋን ስትሆን ነው መንገዱ የሚረዝምባት።

«ሳይካትሪ ሄደች ቢሉኝስ?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። እህቴም «እብድ ነኝ እንዴ?» ብላኝ ነበር። ልጅዋን ለማስታመም አቅም ፍለጋ እንጂ ለእብደት እንዳልሆነ ነግሬ አብሬያት ሄድኩ። አሁን ሲስተሯ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «አልተኛሁም» ትላለች፣ ሲስተሯም ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እውነት ለመናገር ሁሉም ባለሙያ እንዲህ አይደለም። የልጁን በሽታ የሰማነው ኮሪደር ላይ ቆመን፣ ሰው እየተጋፋን፣ ልጁም እየሰማ ነው፤ የት እንደሆነ አልናገርም። እንዲህ ከሆነባችሁ «እባክዎ ቁጭ ብለን ይንገሩን» ማለት መብታችሁ ነው።

ጸበሉስ? እዚህ ላይ «ወይ ሐኪም ወይ ጸበል» የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እናንተም አትግቡ። የያኔው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለካንሰሩም ለስኳሩም የሚሠራ ምክር ነው። የንስሐ አባት የሚሰጠውን ማንም ባለሙያ አይሰጥም። ሌሊት ስልክ ቢደወልላቸው የሚነሡ፣ ቤታችሁን ከአያት ጀምሮ የሚያውቁ፣ ቀብርም ሠርግም ያዩ ሰው ናቸው። ለሙስሊም ቤተሰብም ዱዓ የሚያደርጉለት ሼህ እንደዚያው ናቸው። ሆኖም ምረጡ። «መድኃኒቱን አታቋርጪ፣ እኔም እጸልያለሁ» የሚሉትን ያዙ። «እምነት ጎድሎሽ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለዚያች እናት ሌላ ድንጋይ ነው የጫነባት። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ የመከላከል አቅሙ ስለሚወርድ የብዙ ሰው ግፊያ ውስጥ ከማስገባታችሁና ያልፈላ ውኃ ከማጠጣታችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። ጸበሉን ቤት አስመጥቶ፣ ሐኪሙ በሚለው መንገድ ማድረግም ይቻላል። ጾሙንም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጠያቂን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። የኛ አገር ትልቁ የሥነ ልቦና ድጋፍ ጠያቂ ነው፣ እድርና ማኅበር ነው፣ እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ከአዘዞ በእግሩ የሚመጣ ዘመድ ነው። ይህን የሚተካ ነገር የለም። ግን አንዳንዱ ጠያቂ ገና በሩ ላይ እንባውን ይለቃል፣ አንዳንዷ «የእገሊት ልጅም እንዲሁ ጀምሮት ነበር» ትላለች፣ ልጁ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል እንጂ አልተኛም። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይህን ነው፤ አንድ በር ጠባቂ ሾምን። የአባቱ ወንድም ውጭ ሆኖ ሰው ይቀበላል፣ እዚያው ያስለቅሳል፣ እዚያው ያጽናናል፣ ከዚያ አንድ ሁለት ሰው ብቻ እጁን አስታጥቦ ያስገባል። ለእናትየዋም «ምን ላምጣልሽ?» ከማለት «ነገ ከሰዓት እኔ ልያዘው፣ አንቺ ታጠቢና ተኚ» ያለቻት ጎረቤት ይበልጥ ረድታታለች።

ሌሎች አስታማሚዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ግቢው ውስጥ ልብስ ሲታጠብ፣ ምግብ ሲሞቅ፣ የሚወራው ወሬ ከየትኛውም ምክር ይቀርባል፤ ፀጉር ሲረግፍ ምን እንዳደረጉ፣ አፉ ሲቆስልበት ምን እንዳበሉት፣ አባትየው ገንዘብ መላክ ሲያቆም እንዴት እንደተወጡት። ከሁሉም አማራጭ ረጅም የሚቆየው ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ቀጠሮ አይጠይቅም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የአንዷ ልጅ ሲያርፍ ሁሉም እናት አብራ ትቀበራለች። «እሱ እንዲህ በልቶ ዳነ» የሚለው ወሬም መድኃኒት እስከ ማስጣል ይደርሳል። ስለዚህ ለመጽናናት የእነሱን ጆሮ ያዙ፣ ለመድኃኒት የሐኪሙን። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላችሁ ደግሞ፣ 700 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ዘመድ የሌለበት ከተማ ስትገቡ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲንና በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙትን ተስፋ አዲስን ጠይቁ። የመጀመሪያው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም በአባቱ የተመሠረተ ነው፤ ሁለቱም ቤተሰብ ምን እንደሚጎድለው የሚያውቁ ናቸው።

መንገር ወይስ መደበቅ?

ከሁሉም ያጣላን ይህ ነው። አያቱ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። እኔ ልንገረው አልኩ። እህቴ መሀል ቆመች።

የመደበቁ ወገን ፍቅር ስላለው ነው የሚደብቀው፣ ይህን ማክበር ያስፈልጋል። ግን በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ጨርሶ አይደበቅም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጊዜ ይመረጣል፣ ሰውየው ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን ይደረጋል። ለልጅም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ በጥሩ ሰዓት፣ በሚገባው ቋንቋ። ልጅ ካልተነገረው ባዶውን ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጥፋተኝነት ነው። የኛው ልጅ የታመመው የእህቱን ብር ሰርቆ ከረሜላ ስለገዛ መስሎት ነበር።

ስለ ሞት መነጋገርን በሚመለከት፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆችን ጠይቋል። ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት ከተነጋገሩት 147 ወላጆች አንድም የተጸጸተ አልነበረም። ካልተነጋገሩት 258 ውስጥ ግን 69ኙ ምነው በተነጋገርን ብለዋል። ስዊድን ጎንደር አይደለችም፣ ቢሆንም ይህን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ ዝምታን ደህና ምርጫ ነው ብዬ መቁጠር አልቻልኩም።

አነጋገሩ በዕድሜ ይለያያል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑ ብዙ አይገባውም፤ የሚያስፈራው ከእናቱ መለየት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ምን እንደሚደረግለትና ማን አብሮት እንደሚሆን ንገሩት። ስድስት ሰባት ዓመት ለሆነው «ይህ አንተ ባደረግኸው ነገር አልመጣም» የሚለው ቃል መድኃኒት ነው፣ ሳይጠይቅም ንገሩት። ከፍ ያለው ግን ስልኩን ከፍቶ በሽታውን ራሱ ይፈልጋል፤ ከእናንተ ቢሰማ ይሻለዋል።

እኛ በአያቱ እርሻ አስመስለን ነገርነው። ስንዴ ውስጥ እንክርዳድ እንደሚበቅል ደምህ ውስጥም የማይሆን ነገር በቅሏል አልነው። መድኃኒቱ እሱን ይነቅላል፤ ሲነቅል ግን ስንዴውንም ይነካካዋል፣ ፀጉርህ የሚረግፈው፣ የሚያስመልስህም ለዚያ ነው። ትንሽ ዝም ብሎ «እንክርዳዱን እኔ ነኝ የዘራሁት?» አለ። አይደለህም አልነው። አያቱ ናቸው የመለሱለት፤ «ማንም አይዘራውም ልጄ፣ ራሱ ነው የሚበቅል»። ያን ሌሊት ሳይነቃ ተኛ።

ከከተማ ውጭ ለምትኖሩ

ከደባርቅ ወይም ከመተማ በየሳምንቱ ለምክር ብቻ መመላለስ አይቻልም፣ ማንም እንዲህ ብሎ ቢመክራችሁ አትሸማቀቁ። የሚያዋጣው ከሕክምና ቀጠሮው ጋር ማያያዝ ነው። ኬሞው ወይም መርፌው ባለበት ቀን ባለሙያው ግማሽ ሰዓት እንዲያገኛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በመሀል ደግሞ በስልክ። ስልክ ፊት ለፊት የመነጋገርን ያህል ባይሆንም ከምንም ይሻላል፤ የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ልጁ ምን እንደያዘው እንድታውቅ አድርጉ፣ ቤት ድረስ የምትመጣው እሷ ናት።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የነርሷን ወይም የዋርዱን ስልክ በወረቀት አስጽፉና ከካርዱ ጋር አድርጉት። ስልክ ላይ ብቻ አትመዝግቡት። የእህቴ ስልክ ባትሪው ያለቀው ልጁ ሌሊት ትኩሳት የያዘው ቀን ነበር።